ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከወሰነ በኋላ፦ በአሜሪካ ለምንኖር ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከአባላት የመጡ ናቸው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ውሳኔ ሲወጣ ርዕሱ በቲክቶክ ቶሎ ይዳረሳል፤ ዳኞቹ ሳይወስኑ የተዉት ነገር ግን አብሮ አይወራም። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በዚህኛው ስለሆነ እሱንም አብሬ እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው የኢሚግሬሽን መጥሪያዬ ላይ ቀንም ሰዓትም አልነበረም፤ "ወደፊት ይገለጻል" ብቻ ይላል። በኋላ ቀጠሮ ተላከ፣ ሳልቀርብ ቀረሁ፣ በሌለሁበት እንድባረር ተወሰነ። መጥሪያው ጎደሎ ስለሆነ ውሳኔው ይነሳል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ያ ክርክር ጁን 14 ቀን 2024 ተዘግቷል። በካምፖስ-ቻቬዝ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 እንደወሰነው፣ መጥሪያው ጎደሎ ቢሆንም ያልቀረቡበትን ችሎት ቀንና ሰዓት የሚገልጽ ሌላ ማስታወቂያ ተከትሎ ከመጣ፣ በመጥሪያው ጉድለት ብቻ ትዕዛዙ አይነሳም። የ2018ቱ የፔሬይራና የ2021ዱ የኒዝ-ቻቬዝ ውሳኔዎች አልተሻሩም፤ የሚያገለግሉት ግን ለሌላ ነገር ነው። 10 ዓመት አሜሪካ ውስጥ በመኖር የሚጠየቀውን ከመባረር የመዳን መብት ሲያሰሉ፣ ጎደሎ መጥሪያ ቆጠራውን አያቆምም።

ለእርስዎ የቀሩት ሁለት በሮች ናቸው። አንደኛው "ማስታወቂያው አልደረሰኝም" የሚለው ሲሆን የጊዜ ገደብ የለውም። ማስረጃው በዚያ ወር የኖሩበት የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል፣ ተመልሶ የመጣ ፖስታ፣ አብረዎ የኖሩ ሰዎች የቃለ መሐላ ጽሑፍ፣ ከዚያ በፊት በነበሩ ቀጠሮዎች ሁሉ መቅረብዎን የሚያሳይ ወረቀት ነው። ይህ በር አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በአድራሻ ነው። ቤት ሲቀይሩ በ5 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ ኢ ኦ አይ አር 33 የሚባለውን ፎርም መላክ ነበረብዎት። ብዙ ሰው ለዩ ኤስ ሲ አይ ኤስ (የኢሚግሬሽን ማመልከቻዎችን ለሚያየው መሥሪያ ቤት) ብቻ አሳውቆ ጨረስኩ ይላል፤ ያ ለውጥ ፍርድ ቤቱ ዘንድ አይደርስም፤ ማስታወቂያው በአሮጌው አድራሻ ከተላከ እንደደረሰዎት ይቆጠራል።

ሁለተኛው በር ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ነው፤ የራስ ወይም የትዳር ጓደኛ፣ የልጅ፣ የወላጅ ከባድ ሕመምና የመሳሰለው። እዚህ ላይ ገደቡ ከትዕዛዙ ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው። የመንገድ መጨናነቅ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። በሁለቱም በሮች አቤቱታው ከገባ ጊዜ ጀምሮ የኢሚግሬሽን ዳኛው እስኪወስን መባረሩ ይታገዳል። አቤቱታው የሚፈቀደው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ለጠበቃ ከከፈሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፋይሉ ሙሉ ቅጂ ነው፤ የትኛው ወረቀት በምን ቀን ወደየት እንደተላከ ሳይታይ የሚጻፍ አቤቱታ ያንኑ አንድ ዕድል ያባክናል።

ጥያቄ፦ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ ወሰነብኝ። ጠበቃው "መጀመሪያ ፋይሉ እንደገና እንዲከፈት ለቦርዱ እንጻፍ፣ ካልሆነ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት እንሄዳለን" አለኝ።

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ አደገኛ ነው። ለፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አቤቱታ ማስገቢያው ከመጨረሻው የመባረር ትዕዛዝ ጀምሮ 30 ቀን ነው። ፋይል ይከፈት የሚል ጥያቄ ይህን ቆጠራ እንደማያቆም ከ1995 ጀምሮ የታወቀ ነው። በጁን 26 ቀን 2025 የራይሊ ውሳኔ ደግሞ ሁለት ነገር ተጨመረ። የ30 ቀኑ ገደብ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን የሚነካ አይደለም፤ መንግሥት ራሱ መቃወሚያ ካላነሳ ዘግይቶ የገባ ጉዳይም ሊታይ ይችላል። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው፤ የኢሚግሬሽን ዳኛ ሳያየው መሥሪያ ቤቱ ራሱ በሚያወጣው ፈጣን የአስተዳደር ትዕዛዝ የሚባረር ሰው ወደ አገሬ አልመለስም ብሎ ገና እየተከራከረም ቢሆን 30 ቀኑ ከመባረሩ ትዕዛዝ ይቆጠራል። መንግሥት ዝም ይላል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

የሚቆጠረው ወረቀቱ ፖስታ ቤት የገባበት ቀን አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ የተቀበለበት ቀን ነው። አቤቱታው መግባቱም ብቻውን መባረርን አያግድም፤ የእግድ ጥያቄ ለብቻው ይጻፋል።

ጥያቄ፦ በፈቃዴ እንድወጣ 60 ቀን ተሰጠኝ። ቀኑ ቅዳሜ ላይ ያልቃል።

መልስ፦ በኤፕሪል 22 ቀን 2025 በሞንሳልቮ ቬላስኬዝ ጉዳይ 5 ለ 4 እንደተወሰነው፣ መጨረሻው ቅዳሜ፣ እሁድ ወይም ሕጋዊ በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተላለፋል። በዚያ ጉዳይ ቀኑ ያለቀው ቅዳሜ ዲሴምበር 11 ቀን 2021 ነበር፤ ሰኞ በቦርዱ የተመዘገበውን ጥያቄ ቦርዱ "ዘግይቷል" ብሎ ጥሎት ነበር። ያም ሆኖ ትኬት ሲቆርጡ አርብን ይያዙ። ቀን ያሳለፈ ሰው በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ቅጣትና ለ10 ዓመት ግሪን ካርድን ጨምሮ ከብዙ የኢሚግሬሽን መብቶች መታገድ ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ዜጋ ነኝ። የባለቤቴን ቪዛ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ በአንድ የሕግ ቁጥር ብቻ ከለከለው። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ በጣም ጠቧል። በጁን 21 ቀን 2024 የሙኞዝ ውሳኔ 6 ለ 3 እንዳለው፣ ዜጋ የሆነ ሰው የውጭ አገር ዜጋ ባለቤቱ እንዲገባለት የሚጠይቅበት መሠረታዊ ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም፤ ስለዚህ ቆንስላው ምክንያቱን በዝርዝር እንዲያስረዳ በዚህ መንገድ ማስገደድ አይቻልም።

ፍሬ ያለው ሥራ ያለው በኤምባሲው በኩል ነው። በወረቀቱ ላይ የተጠቀሰውን ቁጥር ያንብቡ፤ አንዳንዱ ምክንያት አይ 601 በሚባለው የይቅርታ ማመልከቻ ይታለፋል፣ አንዳንዱ አይታለፍም። ከተከለከለበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ምክንያቱን የሚያፈርስ አዲስ ማስረጃ ከቀረበ ቆንስላው ጉዳዩን መልሶ ማየት አለበት። "አዲስ" ማለት ፋይሉ ውስጥ ያልነበረ ማለት ነው፤ ያንኑ የጋብቻ ፎቶ መልሶ መላክ አይቆጠርም። መልስ ሳይሰጥ "በምርመራ ላይ" ተብሎ የተንጠለጠለ ቪዛ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የመዘግየት ክስ በአንዳንድ ፍርድ ቤቶች ይሰማል፣ በዋሽንግተን ዲሲ ግን ከ2024 ወዲህ ከብዷል።

ጥያቄ፦ የጸደቀ የጋብቻ ፔቲሽን (ዜጋ ለባለቤቱ የሚያስገባው ማመልከቻ) "የውሸት ጋብቻ ነው" ተብሎ ከተሰረዘስ?

መልስ፦ በዲሴምበር 10 ቀን 2024 የቡአርፋ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ስረዛው የመሥሪያ ቤቱ ፈቃደ ሥልጣን ነው፣ ፍርድ ቤት አያየውም ተብሏል። አዲስ ፔቲሽን ማስገባት ግን አልተከለከለም፤ እሱ በዚያው ምክንያት ውድቅ ከተደረገ ፍርድ ቤት ያየዋል። አዲሱን ፔቲሽን እንግዲህ ዳኛ እንደሚያነበው አድርጎ በማስረጃ መሙላት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። እሁድ ግዴታ አደረጉብን፤ ቅዳሴ ቀረብኝ። ጓደኛዬም የጁምዓ ሰዓት ይጠይቃል። ሕጉ ተለውጧል ይባላል።

መልስ፦ ተለውጧል፤ ለእኛ ሰው ይህን ያህል የሚጠቅም የሥራ ውሳኔ በቅርብ ዓመታት አልወጣም። ከ1977 ጀምሮ ፍርድ ቤቶች አሠሪው ከኢምንት በላይ ወጪ ከደረሰበት እምቢ ማለት ይችላል ይሉ ነበር። ጁን 29 ቀን 2023 በግሮፍ ጉዳይ (እሁድ ፖስታ አላደርስም ያለ የፔንሲልቬንያ ሠራተኛ) በሙሉ ድምፅ ያ አነባበብ ስህተት ነው ተባለ። አሁን አሠሪው ጥያቄዎን መቀበል በድርጅቱ ሥራ ላይ ከፍ ያለ ተጨማሪ ወጪ እንደሚያስከትል ማሳየት አለበት። የሥራ ባልደረቦች በሃይማኖቱ ቅር መሰኘታቸው አይቆጠርም። በእነሱ ላይ የሚወድቀው ጫና የሚቆጠረው የድርጅቱን ሥራ የሚነካ ከሆነ ብቻ ነው። 300 ሰው ያለበት መጋዘን ፈረቃ መለዋወጥ አልችልም ቢል አያሳምንም፤ ሌሊት አንዲት ነርስ ብቻ ያላት ክሊኒክ ሊያሳምን ይችላል።

ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ኢሜይል ይበቃል። የሃይማኖት ጥያቄ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ። ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ይለዩ፤ "እሁድ ከ12 ሰዓት" ብሎ የጻፈ ሰው ለእነሱ እኩለ ቀን ነው ያለው። የዓመቱን በዓላት ከነቀናቸው አስቀድመው ይስጡ፦ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ወይም 20፣ ስቅለትና ፋሲካ በየዓመቱ የሚለዋወጡ፣ ኢድ በጨረቃ። መፍትሔ አብረው ያቅርቡ፤ ቅዳሜ ልግባ፣ ከእገሌ ጋር ልቀያየር።

ጉዳዩ የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። ሳይጠይቁ መቅረት፣ መልስ ሳይሰጥ ሥራ መልቀቅ፣ አሠሪው ያቀረበውን ምክንያታዊ አማራጭ አለመቀበል። የፌዴራሉ ሕግ የሚሠራው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ነው። ከከለከሉዎት ለኢ ኢ ኦ ሲ (የሥራ ቦታ አድልዎን ለሚያየው የፌዴራል ኮሚሽን) በ180 ቀን ውስጥ ያመልክታሉ፤ ክልሉ የራሱ የፀረ አድልዎ መሥሪያ ቤት ካለው 300 ቀን ነው። ግሮፍ ራሱ በዚያ ቀን ጉዳዩን አልረታም፤ በአዲሱ መለኪያ እንዲታይለት ወደ ታች ፍርድ ቤት ተመለሰ።

ጥያቄ፦ የረጅም ርቀት የጭነት መኪና ነጂ ነኝ፣ በ1099 (እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ኮንትራክተር) ነው የሚከፍሉኝ። ውሉ ላይ "ክስ በግልግል ዳኛ ብቻ" ይላል። ክፍያዬን ቆርጠውብኛል።

መልስ፦ ያ አንቀጽ ባንተ ላይ ላይሠራ ይችላል። የፌዴራሉ የግልግል ሕግ በክልሎች መካከል ዕቃ የሚያጓጉዙ ሠራተኞችን አይመለከትም። በጃንዋሪ 15 ቀን 2019 የኒው ፕራይም ውሳኔ ይህ በኮንትራክተርነት የሚነዱትንም ይጨምራል ብሏል። ኤፕሪል 12 ቀን 2024 በቢሶኔት ጉዳይ ደግሞ ድርጅቱ የትራንስፖርት ድርጅት መሆን የለበትም ተባለ፤ ከሳሾቹ ዳቦ አከፋፋዮች ነበሩ። ዋናው ሰውየው የሚሠራው ሥራ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። ድርጅቶች ውሉ ውስጥ "የፌዴራሉ ካልሠራ የክልሉ የግልግል ሕግ ይሠራል" የሚል መስመር ያስገባሉ፤ ፍርድ ቤቶች ይህን የሚቀበሉበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ ማንበብ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ለኡበርና ሊፍት ተሳፋሪ አመላላሾች አልሠራም፤ ጉዳዩን ያዩት የቦስተን፣ የፊላደልፊያና የሳን ፍራንሲስኮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች ሥራው በከተማ ውስጥ የሚቀር ነው ብለው ከልክለዋቸዋል። እነሱ የሚያድናቸው ውሉን በፈረሙ ሰሞን፣ ብዙ ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ፣ "ከግልግሉ ወጥቻለሁ" ብሎ በጽሑፍ መላክ ነው። ክሱ ወደ ግልግል ከተላከም ፋይሉ እንዳይዘጋ ጠበቃው እግድ ይጠይቅ። ሜይ 16 ቀን 2024 በስፒዚሪ ጉዳይ፣ ወገን ከጠየቀ ዳኛው ጉዳዩን ማቆየት እንጂ መዝጋት አይችልም ተብሏል። ፋይሉ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ይርጋ ከመቁጠር ያድናል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው የምንኖረው። ልጃችንን ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትና ስለ ፆታ ማንነት ከሚያወሩ የልጆች ተረት መጻሕፍት ንባብ ማስወጣት እንችላለን?

መልስ፦ አዎ። በ2023 ሮክቪል በተደረጉት ሰልፎች የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ወላጆችም ከሙስሊም ወላጆች ጋር ቆመው ነበር። ጁን 27 ቀን 2025 በማህሙድ ጉዳይ 6 ለ 3፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ የትምህርት ቦርዱ መጽሐፉ ከመነበቡ በፊት ለከሳሾቹ እንዲያሳውቅና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ እንዲፈቅድ ተወሰነ። መጽሐፉ ከትምህርት ቤቱ እንዲወጣ ወይም ሥርዓተ ትምህርቱ እንዲቀየር አልተወሰነም። ለርዕሰ መምህሩም ለክፍል መምህሩም ደብዳቤ ይጻፉ፤ የትኛው ርዕስ ከየትኛው የእምነት ትምህርት ጋር እንደሚጋጭ ይግለጹ። "ሁሉንም አልፈልግም" የሚል ደብዳቤ ደካማ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ትምህርት ቤቱ ሰዓቱን አያመቻችለትም።

መልስ፦ ሚኒሶታ ካላችሁ ጉዳዩ ከደጃችሁ ነው የመጣው። የኦሲዮ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ጠዋት ጠዋት ስለሚጥላት ከሰዓት በኋላና ማታ እንድትማር ቤተሰቧ ጠየቁ፤ ሌሎች በቀን 6.5 ሰዓት ሲማሩ እሷ 4.25 ሰዓት ብቻ ታገኝ ነበር። ጁን 12 ቀን 2025 በሙሉ ድምፅ፣ በአካል ጉዳተኞች ሕግ የሚከስ ተማሪ ትምህርት ቤቱ በክፋት እንዳደረገው ማስረዳት አይጠበቅበትም ተባለ። እናንተም የጠፋውን ሰዓት ከዛሬ ጀምሮ በቀንና በደቂቃ መዝግቡ፤ ጥያቄያችሁንም በጽሑፍ አድርጉ።

ጥያቄ፦ አንድ ዳኛ ፖሊሲ ሲያግድ እኔንም ይሸፍናል?

መልስ፦ ከጁን 27 ቀን 2025 የካሳ (CASA የተባለው የስደተኞች ማኅበር) ውሳኔ በኋላ እንደ ድሮው በራሱ አይሸፍንም። እግዱ ከሳሾቹን ሙሉ በሙሉ ለማዳን ከሚያስፈልገው በላይ አይሄድም። በቡድን ክስ ከሆነ ግን የቡድኑ ትርጓሜ ውስጥ ያለ ሁሉ ይሸፈናል። ዜናውን ትተው የእግዱን ትዕዛዝ ያውጡና "ቡድኑ" ተብሎ የተጻፈውን አንቀጽ፣ በተለይ ቀኖቹን ያንብቡ። ከሳሹ ማኅበር ከሆነ አባልነትዎን የሚያሳይ ወረቀት ይያዙ።

ጥያቄ፦ በንብረት ግብር ዕዳ ካውንቲው የአጎቴን ቤት ሸጠው። ትርፉን ሊያስቀር ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። ሚኒያፖሊስ ያለበት ሄኔፒን ካውንቲ 15,000 ዶላር ገደማ ዕዳ ያለበትን የአንዲት አዛውንት ኮንዶሚኒየም በ40,000 ሸጦ ሁሉንም ወስዶ ነበር። ሜይ 25 ቀን 2023 በታይለር ጉዳይ በሙሉ ድምፅ 25,000ው ያለ ካሳ የተወሰደ ንብረት ነው ተባለ። ገንዘቡ ግን በራሱ ቤት አይመጣም። ሚሺጋን ውስጥ ለምሳሌ ቤቱ በተወረሰበት ዓመት እስከ ጁላይ 1 ድረስ ፎርም 5743 በኖታሪ ተፈርሞ ካልገባ ትርፉ ይቀራል። የሌላውን ክልል ገደብ ከካውንቲው ገንዘብ ያዥ ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ "አስመልሼልዎ ድርሻ ልውሰድ" የሚል ደብዳቤ ከመጣ ፎርሙን ራስዎ መሙላት እንደሚችሉ አይርሱ።

ጥያቄ፦ ያከራየሁትን መኪና የፌዴራል ፖሊስ አደንዛዥ ዕፅ ተገኘበት ብሎ ያዘው።

መልስ፦ በሜይ 9 ቀን 2024 የካሊ ውሳኔ 6 ለ 3፣ መኪናው እስከ ዋናው ችሎት ይቆይ አይቆይ የሚታይበት ሌላ የመጀመሪያ ችሎት መንግሥት ማዘጋጀት አይጠበቅበትም ተብሏል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በወረቀቱ ላይ ነው። ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ በተያዘ በ60 ቀን ውስጥ ይላካል። በደብዳቤው ላይ ባለው ቀን ውስጥ፣ ከተላከ ከ35 ቀን ያላነሰ ነው፣ የባለቤትነት ጥያቄ በመሐላ ያስገባሉ። ከዚያ መንግሥት በ90 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት ወይም መኪናውን መመለስ አለበት። የኪራይ ውሉን፣ የመኪናውን ታይትልና የተከራዩን መንጃ ፈቃድ ቅጂ አያይዙ፤ ዕፁን እንደማያውቁ የሚያሳየው ይህ ነው። ደብዳቤው ወደ አሮጌ አድራሻ እንዳይሄድ በመኪናው ምዝገባ ላይ ያለውን አድራሻ ዛሬውኑ ያስተካክሉ።