ጋርኒሲዮኑ ተቀይሮ ለምን መልሶ ይቃጠላል?

ወንድሜ፣ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ቴስታታውና ብሎኩ መሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ ተቀይሮልህ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ስትወጣ መልሶ ማፍላት ከጀመረ፣ ዕቃውን ከመውቀስህ በፊት ሞተሩ ለምን እንደሚሞቅ ፈልግ። የአሉሚኒየም ቴስታታ ሲግል ከብረቱ ብሎክ (ከታችኛው የሞተር አካል) እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ከልክ ሲያልፍ ይጣመምና ጋርኒሲዮኑን የሚጨምቀው ጉልበት ይላላል፤ የቃጠሎው ጋዝ በዚያ ሾልኮ ውሃው ውስጥ ይገባል።

የድሬዳዋ ውሃ ጨው ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ላይ የምታየው ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩንም ይደፍነዋል። የቧንቧ ውሃ ተው፤ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ሙላ። የራዲያተር ክዳንም አትናቅ፤ ግፊት ካልያዘ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል። ተርሞስታቱን፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ ለውሃው የሚከፈተውን ቫልቭ፣ እንዲሁም ፋኑን አስፈትሽ።

ቴስታታው ከወረደ ሳይለካ እንዳይገጠም! ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድመው በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች) ይለኩት። ለብዙ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የመኪናህን ማኑዋል እይ። ካለፈ ይላግ። የብሎኩ ፊትም ይለካ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ቡሎኖቹ ከመሀል ወደ ዳር፣ በዙር በዙር፣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጥበቁ። በእጅ ግምት ማጥበቅ ጋርኒሲዮኑን መልሶ ማቃጠል ነው። በዲግሪ (በማዞሪያ ማዕዘን ልክ) የሚጠብቁት ቡሎኖች አንዴ ስለሚሳቡ አብዛኞቹ በአዲስ ይቀየራሉ።

አሁን ለማረጋገጥ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ አስነሳው። አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ጋዝ እየገባ ነው። ዳገት ላይ ሙቀቱ ከወጣ ግን ኤሲውን አጥፍተህ ጥግ ያዝ፤ ክዳኑን አትክፈት፣ ቀዝቃዛ ውሃም አትድፋበት።