አንድ እምነት፣ ሁለት ዓይነት ሕንፃ

ጥያቄ፦ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት በከፍታቸውና በባለ ቀለም መስኮቶቻቸው የዘመኑን እምነት ይገልጻሉ ሲባል ደጋግሜ አነባለሁ። ይህ ትርጉም በእርግጥ በአናጺዎቹ የታሰበ ነው ወይስ በኋላ የተሰጠ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም አለበት። በግልጽ የታሰበበትን እናስቀድም። አብዛኞቹ የዘመኑ አብያተ ክርስቲያናት መሠዊያቸው በምሥራቅ፣ ዋናው በራቸው በምዕራብ የሆነው ክርስቶስ ዳግመኛ ከምሥራቅ ይመጣል ከሚለው ጥንታዊ እምነት የተነሣ ነው። ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ባለው በር አናት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ይቀረጽ ነበር። በፈረንሳይ ኦተን ከተማ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው ቅርጽ ላይ መልአክና ሰይጣን ነፍሳትን በሚዛን ሲመዝኑ ይታያል፤ ከሥር ከመቃብር ከሚነሡት አንዱን ደግሞ ባለቤታቸው የማይታይ ሁለት ግዙፍ እጆች ጭንቅላቱን ጨብጠው ይዘውታል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመንም ቢሆን ይህን አይቶ ምን እንደሚጠብቀው አይስትም።

የብርሃኑ ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ከፓሪስ አጠገብ ያለው የሳን ደኒ ገዳም አበምኔት ሱዤ እ.ኤ.አ. በ1144 ባስመረቀው አዲስ መቅደስ ሹል ቅስቶችና ቀጫጭን ዓምዶች ግድግዳውን ለሰፋፊ ባለ ቀለም መስታወቶች አስለቅቀውታል። ሱዤ በቤተ ክርስቲያኑ በሮች ላይ ባስጻፈው ግጥም፣ የደነዘዘ አእምሮ በሚታይ ነገር አማካይነት ወደ እውነት ይወጣል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ይሁንና ይኸው ሰው ግንባታውን የጀመረበትን ሌላ ምክንያትም አልደበቀም፤ በበዓላት ቀን ዓፅመ ቅዱሳንን ሊሳለም የሚጎርፈው ሕዝብ በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ እርስ በርሱ ይረጋገጥ እንደነበር በጽሑፉ ተርኳል። በእኔ አስተያየት፣ ስለ ብርሃን ሥነ መለኮት ብቻ የሚያወሩ ጸሐፊዎች ይህን መጨናነቅ ቸል ማለታቸው ስሕተት ነው።

ከዚህም በላይ በብርሃንና በጌጥ ጉዳይ አማኞቹ ራሳቸው አልተስማሙም። የሱዤ ዘመን ሰው የነበረው የክሌርቮ ገዳም አበምኔት በርናርድ በገዳማት የሚቀረጹ ጭራቆች መነኮሳቱን ከንባብና ከተመስጦ ያዘናጋሉ ሲል አጥብቆ ተቃውሟል። እሱ የነበረበት ሲስተርሲያን የተባለው የመነኮሳት ማኅበርም መስኮቶች ነጭ፣ መስቀልና ሥዕል የሌለባቸው እንዲሆኑ ደንግጓል። ሳን ደኒ ከተመረቀ ከ3 ዓመት በኋላ የተቀደሰው፣ የዚሁ ማኅበር የሆነው የፎንትኔ ገዳም ቤተ ክርስቲያን የዚህ አቋም ምስክር ነው፤ ዓይን የሚያርፈው በተራቆተ ድንጋይና ቀለም ባልተቀላቀለበት ብርሃን ላይ ብቻ ነው። ሁለቱ ወገኖች አንድ ቅዳሴ እየቀደሱ እንዲህ የተለያየ ቤት መሥራታቸው፣ ሕንፃ የዘመኑን እምነት ብቻ ሳይሆን የዘመኑን ክርክርም እንደሚያሳይ ያስረዳል።

ከፍታውን በተመለከተ አምልኮን ከከተሞችና ከጳጳሳት ፉክክር መለየት ይቸግራል። በፈረንሳይ የሚገኘው የቦቬ ካቴድራል 48 ሜትር ገደማ የደረሰው የመቅደስ ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1284 ከፊሉ ሲደረመስ፣ በድጋሚ የቆመው ተጨማሪ ዓምዶች በመካከል ገብተውበት ነው።

በኋላ ስለተሰጠው ትርጉም ከጠየቁ፣ እሱም ቢሆን የተጀመረው በመካከለኛው ዘመን ነው። በፈረንሳይ የመንድ ከተማ ጳጳስ የነበረው ጊዮም ዱራን በ13ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የሕንፃውን ክፍሎች እየተነተነ፣ መስኮቶች ነፋስና ዝናብን ከልክለው የእውነተኛውን ፀሐይ ብርሃን እንደሚያስገቡ ቅዱሳት መጻሕፍት ናቸው ብሏል። እሱ ይህን የጻፈው ሱዤ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ ትንታኔው ምእመናን የቆመውን ሕንፃ እንዴት እንዲያዩት እንደተፈለገ እንጂ ግንበኞቹ ሲጀምሩ ያሰቡትን አይነግረንም።