ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ባለፈው ወር «አሁን እጃችሁ ላይ ያለው መጽሐፍ ምንድን ነው? የት ላይ ተገትራችሁ ቀራችሁ?» ብለን ጠይቀናችሁ ነበር። የመጣው መልእክት ከጠበቅነው በላይ ነው። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል አምስቱን መርጫለሁ። «መጽሐፍ ለምን እንዲህ ተወደደ?» ብላችሁ የጻፋችሁ ብዙ ናችሁ። እኔም እንደናንተው እያማረርኩ ነው የምገዛው፣ ስለዚህ እሱን እንለፈው።

ጥያቄ፦ «አደፍርስ»ን ለሦስተኛ ጊዜ ጀመርኩት። ሦስቴም ሃምሳኛው ገጽ አካባቢ ስደርስ ይደክመኛል። ሰው ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው ይላል። እኔ ግን ማን እየተናገረ እንደሆነ እንኳ ይጠፋኛል። ችግሩ እኔ ጋ ነው ወይስ መጽሐፉ ጋ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ችግሩ በዓይንህ ብቻ ማንበብህ ይመስለኛል።

ዳኛቸው ወርቁ ይህን መጽሐፍ ያወጣው በ1962 ዓ.ም. ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከወጣ ገና አራት ዓመቱ ነበር። አንባቢው እጁን ይዞ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚወስደውን ተራኪ ገና እያጣጣመ ነው። ዳኛቸው እጅህን አይዝም። ሰሜን ሸዋ፣ አርማንያ ድረስ ይወስድህና ሰዎቹ መሃል ጥሎህ ዞር ይላል። እነሱ ደግሞ ያወራሉ። ስለ መሬት፣ ስለ ሙግት፣ ስለ ነፍስ፣ ስለ ሰው ገመና፣ ያንተን እዚያ መቀመጥ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ያወራሉ። መካከላቸው እንደ ስሙ የረጋውን ሁሉ ማደፍረስ የሚወድ አንድ የተማረ ጎረምሳ አለ። ለማንበብ ከተቀመጥክ ግራ ይገባሃል። ለመስማት ከተቀመጥክ ግን ሌላ ነው።

ይህን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፣ እትዬ ነው የምላት። ደብረ ሲና አጠገብ ነው ያደገችው። እኔም እንዳንተ ሁለቴ ጀምሬ ትቼው ነበር። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ እሷ በሩ አጠገብ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ መጽሐፉን ይዤ እታገላለሁ። «ምን ያነጫንጭሃል? ጮክ በልና እኔም ልስማው» አለችኝ። አነበብኩላት። ግማሽ ገጽ ሳልጨርስ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ሳቀች። እኔ የሚያስቅ ነገር አላየሁም። «እስቲ ድገመው፣ ስትደግመው ግን አትሩጥ» አለች። ደገምኩት። አሁንም አልገባኝም። በመጨረሻ እሷው ተቀበለችኝና እኔ ያላረፍኩበት ቦታ ላይ አርፋ፣ አንዷን ቃል ትንሽ ጎተት አድርጋ አለችው። ለካ ነገሩ ሽሙጥ ነው! እኔ ተራ ሰላምታ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

ስለዚህ የሰሜን ሸዋ ሰው ፈልግ፣ የጎረቤት እናትም ትሁን የቢሮ ባልደረባ። ካጣህ በርህን ዘግተህ ለራስህ አንብበው። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተለየ ድምፅ ስጠው፣ ማንም አያይህም። የማታውቀው ቃል ሲገጥምህ መዝገበ ቃላት ፍለጋ አትነሳ፣ ወሬው ራሱ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ይነግርሃል። እንዲህም ሆኖ መቶኛው ገጽ ላይ ካልጣመህ ተወው። ፈተና የሚያወጣብህ የለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የምሠራው ሪያድ ነው። ሥራ ላይ መጽሐፍ መያዝ አልችልም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በስልኬ ሰምቼ ጨረስኩት። ልብስ እየተኮስኩ አለቀስኩ። አገር ቤት ያለችው እህቴ ግን «ሰምተሻል እንጂ አላነበብሽም» ትለኛለች። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አንቺ ነሽ እህቴ። ከስንት ቤት የገባው መጽሐፍ መስሎሻል በራዲዮ? ወረቀቱን በእጃቸው ነክተውት የማያውቁ ሰዎች በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤታቸው ልጆች ያውቋቸዋል። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር። ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ራሱ ካባ የደረበ ይመስለኛል። እኔ መጽሐፉን ገልጬ ሳነብ እንኳ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የእሱ ድምፅ ነው፣ የራሴን ከሰማሁት ቆየሁ።

ለእህትሽ አንድ ነገር እንስጣት ግን። ትረካ አይጠብቅሽም። ካሣ ዳምጤ፣ ያው ጉዱ ካሣ ማለቴ ነው፣ ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ ሲናገር ቆም ብለሽ ከራስሽ ጋር መሟገት ትፈልጊያለሽ። ሲተረክልሽ ግን ነገሩ አልፎ ሄዷል። ለዕረፍት አገር ቤት ስትመጪ የእህትሽን መጽሐፍ ተቀበያትና የጉዱ ካሣን ቦታዎች ብቻ እየፈለግሽ አንብቢ። እስከዚያው የሰዎቹን ሸሚዝ እንዳታቃጥዪ!

ጥያቄ፦ ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ፊደል ግን አያነብም። «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ መውጣቱን ስሰማ ገዛሁለት፣ በአራት ቀን ጨረሰው። ደስታዬን ሳልጨርስ ከፋኝ። የበዓሉ ግርማን አማርኛ ሳይቀምስ ታሪኩ አለቀበት። አጠፋሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ኧረ ምን አጠፉ! የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ስልኩን አስቀምጦ በአራት ቀን መጽሐፍ ጨረሰ ሲባል እዚህ ያሉ ወላጆች ቢሰሙ ይቀኑብዎታል።

መጽሐፉ በአማርኛ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝኛው የመጣው በፈረንጆቹ 2025 ነው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ልጅዎ ደራሲው ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፣ እስካሁን ጠይቆም ይሆናል። መጽሐፉ ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከየሱቁ መሰብሰቡን፣ በዓሉ ከሥራው መባረሩን፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን ከእርስዎ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ያኔ የነበረውን ፍርሃት እርስዎ ያውቁታል፣ ያ ደግሞ በየትኛውም መግቢያ ላይ አይጻፍም።

ወደ አማርኛው ልምጣ። በሀሁ አይጀምሩት፣ ይሰለቻል። አሁን ታሪኩን ያውቀዋል፣ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ፀጋዬና ፊያሜታ የሚያወሩበትን አንድ ገጽ ይምረጡና እርስዎ በአማርኛ ጮክ ብለው ያንብቡ፣ እሱ በእንግሊዝኛው ይከታተል። «እዚህ ጋ እንደሱ አይልም» ማለት ይጀምራል። ልጆች የትልቅ ሰው ስህተት መያዝ ይወዳሉ፣ ተርጓሚዎቹን ሲይዝ እግረ መንገዱን አማርኛውን ይይዛል። መጀመሪያ ግን ርዕሱን ይጠይቁት። እንግሊዝኛውም ላይ «ኦሮማይ» ተብሎ ነው የቀረው። አስመራ ውስጥ የሚባል፣ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው። አበቃ፣ አከተመ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም ውስጡ አለ። እርስዎስ ቤት ውስጥ ይህን ሲሉ በምን ቃል ይሉታል? እሱን ይንገሩት።

ጥያቄ፦ «ግራጫ ቃጭሎች»ን ለጓደኛዬ ካዋስኩት ሁለት ዓመት አለፈው። በጠየቅኩት ቁጥር «እያነበብኩት ነው» ይላል። ምን ላድርገው? (ከደሴ)

መልስ፦ እውነቱን ቢሆንስ? አዳም ረታ እኮ ነው።

ቀልዴን አይደለም። አዳም ለአጻጻፉ «ሕፅናዊነት» የሚል ስም አለው፣ ምሳሌው እንጀራ ነው። ምጣድ ላይ ዓይኖቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይመስላል፣ ሁሉም ግን አንድ ሊጥ ናቸው። ታሪኮቹም እንደዚያ ናቸው። አንዱ ጋ ያለፍከው ሰው ሌላው ጋ በጓሮ በር ይገባል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያነበብከውን ተመልሰህ እንድታነብ ያደርግሃል። በወፍራሞቹ የጀመረ ሰው ቢሰምጥ አይገርመኝም። አድናቂዎቹም እንዳትሰሙኝ እንጂ አንዳንዴ ቢያሳጥረው ምን ነበር እላለሁ።

ለጓደኛህ «አለንጋና ምስር»ን ስጠው፣ አጫጭር ታሪኮች ናቸው፣ ያንተን ተቀበለው። ግን ሁለተኛውን ስታውስ መጨረሻ ገጹ ላይ ቀኑንና ስሙን ራሱ በእጁ ይጻፍ። ሰው የራሱን የእጅ ጽሑፍ ሲያይ ያፍራል። የእኔን ጉድ ልንገርህ፣ የአንዲት ባልደረባዬ መጽሐፍ እኔ ጋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሽፋኑ ላይ ሽሮ ስለፈሰሰበት ነው ያልመለስኩት። ይህን አንብባ ከጠረጠረች፣ አዎ ያንቺው ነው።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ እኛን ትጠይቃለህ። አንተስ ምን እያነበብክ ነው? (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህር፣ ይሳቁብኝ፣ «ጦቢያ»ን ነው። ትምህርት ቤት እያለሁ ለፈተና ያህል የሸመደድኳት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ናት። 1900 ዓ.ም.፣ ሮም፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ይህን በቃሌ እወጣው ነበር፣ መጽሐፉን ግን አልገለጥኩትም። ያኔ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፣ ዛሬ ልብ ወለድ የምንለውን ሁሉ የምንጠራበት ስም ከዚያ ነው የመጣው።

አሁንም የማነበው ብቻዬን አይደለም። እትዬ ዓይኗ ደክሟል፣ ምስሩንም የሚለቅምላት ሌላ ሰው ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት እሄድና ቡና እስኪፈላ አነብላታለሁ። አማርኛው የድሮ ነው፣ እኔ እደናቀፋለሁ፣ እሷ ታስተካክለኛለች። ባለፈው እሁድ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንታ ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣበት ጋ ደረስን። እትዬ ስኒዋን አስቀመጠች።

«እና ማንም አላወቃትም?»

«ሳምንት እናየዋለን እትዬ፣ መሽቷል፣ ታክሲ አላገኝም።»

«ተወኝ እባክህ! እዚሁ ታድራለህ። ግለጥ።»