ካውንተር-ስትራይክ 2፦ አንድ ጨዋታ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ወንድሜ፣ «ልጄ ከምሽቱ 2፡30 ላይ ይተኛል፤ እኔ ደግሞ 4 ሰዓት ላይ መተኛት አለብኝ። 20 ደቂቃ ነው ተብዬ የገባሁበት ኮምፒቲቲቭ ጨዋታ 50 ደቂቃ ፈጀብኝ። የትኛው የጨዋታ ዓይነት ስንት ይወስዳል?» ብለህ የጠየቅኸውን አነበብሁ። እኔም የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ካውንተር-ስትራይክን፣ ይህን ሁለት ቡድኖች የሚታኮሱበትን የኮምፒውተር ጨዋታ፣ የማውቀው ከጥንቱ 1.6 እትም ዘመን፣ ኢንተርኔት ቤት በሰዓት እየከፈልን ከምንጫወትበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ያንተን ጥያቄ ራሴን ብዙ ምሽት ጠይቄዋለሁና ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ቁርጡን ላስቀድም። ለአንድ ኮምፒቲቲቭ (አምስት ለአምስት ሆኖ ለደረጃ የሚደረግ) ጨዋታ አንድ ሙሉ ሰዓት መድብ። ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ውስጥ ያልቃል፤ ሆኖም ማቀድ ያለብህ በተለመደው ሳይሆን በረዥሙ ነው፤ ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ትቶ መነሣት እየከበደ ይሄዳልና። «20 ደቂቃ» ያለህ ሰውም ውሸታም አይደለም። 13 ለ 1 ያለቀ ጨዋታ በአእምሮው ይዞ ይሆናል።

ርዝመቱ የሚወለደው ከዙሩ ነው። ኮምፒቲቲቭ ላይ ቀድሞ 13 ዙር ያሸነፈ ቡድን ጨዋታውን ይወስዳል። 12 ዙር ሲያልቅ ቡድኖቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አጥቂው ተከላካይ፣ ተከላካዩ አጥቂ ይሆናል። 12 ለ 12 ከደረሰ በኮምፒቲቲቭ አቻ ተብሎ ያበቃል። ስለዚህ ትንሹ 13 ዙር፣ ትልቁ 24 ዙር ነው። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ «አንድ ጨዋታ ይህን ያህል ደቂቃ ነው» የሚል አንድ ቁጥር የማይገኘው ለዚህ ነው።

አሁን አንዱን ዙር እንፍታው። መጀመሪያ 15 ሴኮንድ ቆመህ መሣሪያ ትገዛለህ። ከዚያ 1 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ይቆጠራል። አጥቂዎቹ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቦምቡን ካጠመዱ ያ ሰዓት ዋጋ ያጣና አዲስ የ40 ሴኮንድ ቆጠራ ይጀመራል። ተከላካዩ ቦምቡን ለማክሸፍ 10 ሴኮንድ ያስፈልገዋል፤ የማክሸፊያ መሣሪያ ከገዛ ግን 5 ሴኮንድ ይበቃዋል። ሁሉም ነገር እስከ መጨረሻው ቢለጠጥ አንድ ዙር 170 ሴኮንድ ይሆናል፤ በ24 ስታባዛው 68 ደቂቃ ነው። ከዚያ ላይ በዙሮች መካከል የሚያልፉትን ጥቂት ሴኮንዶች፣ የመጀመሪያውን ማሟሟቂያና ቡድኖች የሚጠይቁትን የ30 ሴኮንድ የምክክር እረፍት ጨምር። እንዲህ ያለ ጨዋታ በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ዙሮች ሁሉ እስከ ጫፍ አይሄዱምና። በእኔ ልምድ አንድ ዙር ከመግዣው ጋር ወደ ሁለት ደቂቃ ይጠጋል። በዚህ ስሌት 16 ዙር ግማሽ ሰዓት ነው፤ 24 ዙር ደግሞ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ። አንተ የገጠመህ 50 ደቂቃ እንግዲህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ እስከ መጨረሻው የተፋለሙ ሁለት እኩል ቡድኖች ነበሩ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የጨዋታውን ፍጥነት ከሰዓቱ ይበልጥ የሚወስነው ገንዘቡ መሆኑን ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በ800 ዶላር ይጀምራል፤ በዚህ ገንዘብ ከሽጉጥና ከጥቂት ነገር በላይ አይገዛም። ክላሽ ብቻውን 2,700 ዶላር ነው። የተሸነፈ ቡድን ማካካሻ ይሰጠዋል፤ ማካካሻው ከ1,400 ተነሥቶ በተደጋጋሚ ሽንፈት እስከ 3,400 ዶላር ያድጋል። ስለዚህ የተሸነፉት አንድ ዙር ሳይገዙ ያሳልፋሉ፤ ሽጉጥ ይዘው ይሮጡና በአርባ ሴኮንድ ውስጥ ዙሩ ያበቃል። ሁለቱም ወገን ሙሉ ትጥቅ የያዘበት ዙር ደግሞ ይረዝማል። ማንም ክላሹን ማጣት ስለማይፈልግ እያንዳንዱ ጥግ በጥንቃቄ ይታያል፣ ጭሱ እስኪበተን ይጠበቃል። አንዱ ቡድን ሌላውን የሚያደቅቅበት ጨዋታ የሚያጥረው የዙሩ ቁጥር ስለሚያንስ ብቻ አይደለም፤ ድሃው ቡድን የሚጫወታቸው ዙሮች ራሳቸው አጫጭር ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። አጥቂዎች ቦምቡን ሳያጠምዱ ሰዓቱ ካለቀባቸው ዙሩን ይሸነፋሉ፤ በሕይወት የተረፈው አጥቂም የዚያን ዙር ማካካሻ አያገኝም። በመጨረሻዎቹ ሃያ ሴኮንዶች ሁሉም በአንድ በር የሚጎርፈው ለዚህ ነው። ጀማሪዎች ይህን ስለማያውቁ ተደብቀው ሰዓቱን ይጨርሳሉ፤ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያሉ ጨዋታዎች በዚህ ምክንያት ሲንቀራፈፉ አይቻለሁ። አንተ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ከሆንህ ከግምትህ ላይ አምስት ደቂቃ ጨምር።

ኢንተርኔት ላይ «አንድ ጨዋታ እስከ 90 ደቂቃ ይሄዳል» የሚል ጽሑፍ ካየህ አትደንግጥ። ያ ስለ ቀድሞው ጨዋታ የተጻፈ ነው። በ2012 በወጣው ግሎባል ኦፌንሲቭ ዘመን ለማሸነፍ 16 ዙር ያስፈልግ ነበር፤ ሙሉ ጨዋታው 30 ዙር ነበር። መስከረም 2023 መጨረሻ ላይ ካውንተር-ስትራይክ 2 ሲተካው 13 ሆነ። ለእኛ ለሠራተኞችና ለወላጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔ በበኩሌ የተደረገውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ያመጣው ነገር አለ። ሁለቱ የሽጉጥ ዙሮች፣ ማለትም የየአጋማሹ መጀመሪያዎች፣ ከ30 ዙር ይልቅ በ24 ዙር ውስጥ ክብደታቸው ጨምሯል። ቀድሞ 3 ለ 9 ተመርቶ መመለስ የሚቻል ነበር፤ አሁን ግን የስህተት ቦታው ጠቧል። ልጁን አስተኝቶ፣ ዓይኑ ሳይነቃ የመጀመሪያውን ዙር የሚጫወት ሰው ይህን ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ ወደ ኮምፒቲቲቭ ከመግባትህ በፊት አንድ ዴዝማች (ዙር የሌለው፣ ሞተህ ወዲያው የምትነሣበት ጨዋታ) ተጫወት፤ 10 ደቂቃ ብቻ ነው።

ፕሪሚየር በተባለው ሌላው የደረጃ ጨዋታ ላይ ጥንቃቄህን እጥፍ አድርገው። ቡድኖቹ የሚጫወቱበትን ካርታ (ሜዳ) መጀመሪያ የማይፈልጉትን እየጣሉ ስለሚመርጡ ጨዋታው ሳይጀመር ደቂቃዎች ያልፋሉ። 12 ለ 12 ሲሆን ደግሞ አቻ ብሎ አይለቅህም፤ ቀድሞ 4 ያሸነፈ የሚወስደው የ6 ዙር ጭማሪ ይከተላል። በጠቅላላው 30 ዙር ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። እኔ ፕሪሚየርን ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቆየዋለሁ፤ በሥራ ቀን ማታ አልነካውም።

ላንተ የምመክርህ ዊንግማን ነው። ሁለት ለሁለት ትጫወታለህ፤ ካርታው ትንሽ ነው፣ ቦምብ የሚጠመድበትም ቦታ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ዙር 1 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ነው፤ ቀድሞ 9 ያሸነፈ ያሸንፋል። በእኔ ልምድ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ሰዎች እንደ ትርፍ ጨዋታ ሲንቁት ያሳዝነኛል። አንድ ጓደኛ ብቻ ስላለህ የምትናገረው ሁሉ ይሰማል፤ የሠራኸው ስህተትም ሆነ ያመጣኸው ድል ወዲያው ይታያል። እኔ ጥግ መያዝን በትክክል የተማርሁት እዚያ ነው። ካዡዋል ደግሞ ብዙ ሰው የሚገባበት፣ ቀድሞ 8 ዙር ያሸነፈ የሚወስደው ነው፤ ልጅ ካለቀሰ ያለ ቅጣት ትተኸው መነሣት ትችላለህ። አርምስ ሬስ፣ ማለትም በገደልህ ቁጥር መሣሪያህ የሚቀየርበት ጨዋታም፣ እንደዚሁ ቀላልና አጭር ነው።

ከኮምፒቲቲቭ ወጥቶ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። እገዳው ከ30 ደቂቃ ይጀምርና ስትደጋግመው ወደ 2 ሰዓት፣ ወደ 24 ሰዓት፣ በመጨረሻም ወደ 7 ቀን ያድጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እገዳው አይደለም፤ አራቱ ሰዎች ናቸው። አምስት ሰው የገባበት ጨዋታ እንደ ዕቁብ ነው፤ አንዱ በመካከል ሲጎድል የሌሎቹ ድርሻ ይናጋል። ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ማታ 11 ለ 11 ላይ ነበርን። በግማሽ ጨዋታ 4 ለ 8 እየተመራን ተነሥተን የደረስንበት ነበር፤ ሁሉም ድምፁ ተቀይሯል፤ አንዱ ልጅ «በርታ፣ በርታ» ይለኛል። በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ። ጨለማ ውስጥ እጄን አይጥዋ ላይ እንዳደረግሁ ተቀመጥሁ። መብራቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢመለስም ኮምፒውተሩ እስኪነሣ፣ ራውተሩ እስኪይዝ ድረስ የመመለሻው ጊዜ አልፎ ነበር። ቅጣቱን ረሳሁት፤ የዚያ ልጅ ድምፅ ግን አልጠፋብኝም። በማግስቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ገዛሁ። ትንሽም ቢሆን ራውተሩን ብቻ እንኳ የሚይዝ ግዛ፤ ላፕቶፕ ካለህ የራሱ ባትሪ አለውና መብራት ቢጠፋም ጨዋታህን ትጨርሳለህ።

ሰዓት ስትቆጥር የሚረሳ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ከጨዋታው በፊት ያለው ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ስጫወት አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰኝ የዱባይ ሰርቨር ነው፤ ጨዋታው ራሱ የምትቀበለውን ከፍተኛ ፒንግ (መልእክት ሰርቨሩ ጋር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) እንድትወስን ይፈቅድልሃል። ዝቅ ካደረግኸው ጨዋታው ይፈጥናል፤ ሰው ፍለጋው ግን ይረዝማል። ኮምፒቲቲቭ ላይ ደረጃህ በየካርታው ለየብቻ ስለሚያዝ ሚራዥ የተባለውን ካርታ ብቻ መርጠህ ብትጠብቅም እንዲሁ ነው። ሁለት ሦስት ካርታ ምረጥ። እኔ ለፍለጋው እስከ 8 ደቂቃ እተውለታለሁ። ማሻሻያ ደግሞ ሳታስበው ይመጣል፤ ጊጋባይት የሚያወርድ ከሆነ ምሽትህ አለቀ። ስለዚህ እራት ሳትቀርብ ኮምፒውተሩን ክፈተው፤ የሚወርድ ካለ ልጅህን ስታስተኛ ይውረድ።

ከ2፡30 እስከ 4 ሰዓት ያለው አንድ ሰዓት ተኩል በእኔ ሚዛን እንዲህ ይከፈላል። በ2፡35 አንድ ዴዝማች። ከ2፡50 በፊት ኮምፒቲቲቭ ፍለጋ ከጀመርህ ረዥሙ ቢመጣ እንኳ ከ4 ሰዓት በፊት ትጨርሳለህ። 3 ሰዓት ካለፈ ኮምፒቲቲቭን ተወውና ዊንግማን ግባ። 3፡30 ካለፈ ዴዝማች ብቻ። አንዱ ኮምፒቲቲቭ 3፡25 ላይ ስላለቀ ብቻ ሌላ አትጀምር፤ በተለይ ተሸንፈህ ከሆነ። እኔ እንቅልፌን ያጣሁባቸው ምሽቶች ሁሉ በዚያች ሁለተኛ ጨዋታ የመጡ ናቸው።

ባለቤትህንም «ሃያ ደቂቃ ነው» አትበላት፤ «አንድ ሰዓት» በላት። እኔ እንዲህ ማለት ከጀመርሁ ወዲህ በ35 ደቂቃ ጨርሼ ስነሣ ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ ፊት ሌላ ነው።