ስለ ወገብና አከርካሪ ጠይቁ፦ ቅዳሜ ማታ በባሕር ዳር

ዶክተር፦ እንደምን አመሻችሁ። የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነኝ። ሥራዬም ምርምሬም አከርካሪ ላይ ነው። እስከ ማታ 4 ሰዓት አብሬያችሁ ነኝ። ስትጠይቁ ዕድሜ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ እግር ላይ ይውረድ አይውረድ ጻፉልኝ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ወገቡን እያመመው ሽንት እምቢ ያለው ወይም ያመለጠው፣ መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘ፣ እግሩ እየዛለ የመጣ ሰው እዚህ ጥያቄ አይጻፍ። አሁኑኑ ተነስቶ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታሎች ሌሊት ክፍት ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር ወገቤን ያመኛል፣ ምን ይሻለኛል?

ዶክተር፦ ዕድሜ? ከመቼ? እግር ላይ ይወርዳል? ይህን ሳላውቅ የምልህ ነገር የለኝም።

የባጃጅ ሹፌር፦ 34 ዓመቴ ነው። ሁለት ወር ሆነኝ። ከወገቤ ተነስቶ በቀኝ እግሬ እስከ ትንሿ ጣቴ ይወርዳል። ኤምአርአይ ተነስቼ የዲስክ መንሸራተት አሉኝ። አንድ ሰው ደግሞ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆንክ ሽባ ትሆናለህ ብሎ አስፈራራኝ። ባጃጇን ልሸጣት ነው።

ዶክተር፦ ባጃጇን አትሽጥ። በደንብ ጠይቀሃል፣ በደንብ ልመልስልህ። አሁን ተነስና በጣቶችህ ቆመህ አሥር እርምጃ ተራመድ። ከዚያ በተረከዝህ። ሁለቱንም ከቻልክና ሽንትህ ደህና ከሆነ ጊዜ አለህ። ወደ ትንሿ ጣት የሚወርደው ህመም አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ ታች የሚወጣው ነርቭ ሲጫን ነው። ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መሐል እንደ ትራስ ያለው ነገር ነው፤ ያ የወጣው ክፍሉ በጊዜ ብዛት ይሟሽሻል። ብዙ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ይሻለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የሆላንድ ጥናት አለ። እንዳንተ ዓይነት 283 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ቶሎ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ሌላው እንዲጠብቅ ተደረገ። የተቀደዱት ህመሙ ቶሎ ለቀቃቸው። በዓመቱ ግን ሁለቱም ቡድን ውስጥ 95 በመቶው ድኛለሁ አለ። እንዲጠብቁ ከተደረጉት 39 በመቶው በመሐል መታገሥ አቅቷቸው ተቀደዋል፣ ይህንንም አልደብቅህም። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ያለህበትን ስቃይ ለማሳጠር ምርጫ ነው። በፍርሃት ተገፍተህ የምትገባበት ግን አይደለም። አንድ ሰዓት ነድተህ ውረድ፣ ተራመድ፣ ከዚያ ተመለስ።

የኤምአርአይ ወረቀት ደግሞ ብቻውን ሰው አያስቀድድም። ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች ውስጥ 37 በመቶው ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ ይታያል። በ80 ዓመት 96 በመቶ ይደርሳል። እኔ የማክመው ሰውየውን ነው፣ ፊልሙን አይደለም።

ጥያቄ፦ ጠንካራ ፍራሽ ይሻላል ወይስ ለስላሳ?

ዶክተር፦ መካከለኛ።

ጥያቄ፦ የወገብ ቀበቶስ?

ዶክተር፦ ለጥቂት ቀን። ከዚያ አውልቁት።

ጥያቄ፦ ኦፕራሲዮኑ ስንት ብር ይፈጃል?

ዶክተር፦ የሚያክምህን ሆስፒታል ጠይቅ።

እናት፣ ከሐሙሲት፦ ዶክተር ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የእኔ የልጅ ነገር ነው። ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ሌሊት ሌሊት ያለቅሳል። መጫወት ትቷል፣ ምግብም አይበላም። ሳጥበው ጀርባው መሐል ላይ ትንሽ ጉብ ያለ ነገር እጄን ነካኝ። አያቱ ወድቆ ነው ብለው ወጌሻ ሁለት ጊዜ በቅቤ አሸው።

ዶክተር፦ እህቴ፣ ዛሬ እዚህ የተቀመጥኩት ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው። ማሸቱ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።

ሌሊት የሚያለቅስ፣ ምግብ የዘጋው፣ ጀርባው ላይ ጉብታ ያለው ልጅ ሲመጣልኝ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ የአከርካሪ ቲቢ ነው ብዬ ነው የምነሳው። ቲቢ ማለት ሳል ብቻ አይደለም። ከሳንባ በደም አድርጎ አጥንት ይገባል። አጥንት ከገባው ደግሞ ግማሽ ያህሉ የሚያርፈው አከርካሪ ላይ ነው። የሚበላው የአጥንቱን የፊት ክፍል ስለሆነ አከርካሪው ወደ ፊት ይታጠፋል። እጅሽን የነካችው ጉብታ የዚያ እጥፋት ጫፍ ትሆናለች። ውስጡ መግል ይቋጥራል። ግን ቆዳው አይቀላም፣ አይግልም። ሰው የሚዘናጋው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ሞክሪ። ሳንቲም መሬት ላይ ጣዪና አንሳልኝ በዪው። ጤነኛ ልጅ ጎንበስ ብሎ ያነሳል። አከርካሪው የታመመ ልጅ ጎንበስ አይልም። ጀርባውን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጎ፣ በአንድ እጁ ጉልበቱን ይዞ፣ ቁጢጥ ብሎ ነው የሚያነሳው። እኔ ክፍል ገብቶ ይህን ያደረገ ልጅ ገና ራጅ ሳይነሳ ሆዴ ይረበሻል።

በሽታው ይድናል። ይህንን ደግሜ ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ይድናል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ለአከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ይወሰዳል። ብዙው ሰው ቢላዋ ሳይነካው ይድናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዞች ኮሪያ ውስጥ፣ ማሳን በምትባል ከተማ፣ ከፊሉን ሕመምተኛ 6 ወር አልጋ ላይ አስተኝተው፣ ከፊሉን እየተራመደ መድኃኒቱን እንዲወስድ አደረጉ። ውጤቱ አልተለያየም። ቀዶ ጥገና የምናደርገው ህብለ ሰረሰሩ፣ ማለትም በአከርካሪው ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ ሲጫን፣ እግር ሲዝል ወይም ጉብጠቱ ሲብስ ነው። ሁለት ወር ወስዶ ሲሻለው የሚያቆም አለ። እባካችሁ፣ እንዳታቆሙ።

መምህር፦ ወጌሻ የሚባለው ነገር በሕግ መታገድ አለበት። ስንት ሰው አበላሹ!

የዘጌ ልጅ፦ ቀስ በል ወንድሜ። የአባቴን ክንድ ያቀናው ወጌሻ ነው። ያውና ዛሬም ቡናውን በዚያ እጁ ይለቅማል።

መምህር፦ አንድ ሰው ስለዳነ ነው?

የዘጌ ልጅ፦ አንተ ከተማ ተቀምጠህ ነው የምታወራ። እኛ በጀልባ ተሻግረን፣ ወረፋ ይዘን፣ ራጅ እስክንነሳ ቀኑ ይመሻል። ወጌሻው ጎረቤት ነው።

ነርስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ልጁ...

መምህር፦ እኔ ስለ ሕግ ነው የማወራው!

ዶክተር፦ በቃ። ወጌሻን ልሰድብ አልመጣሁም፣ የመንገዱንም ርቀት አውቀዋለሁ። የምለው አንድ ነው፦ አከርካሪ አይታሽም፣ አይጎተትም፣ አይረገጥም። ቲቢ የበላው አጥንት በእጅ ሲገፋ ይደረመሳል። ከኋላው ህብለ ሰረሰሩ አለ።

የዘጌ ልጅ፦ ተቀብያለሁ ዶክተር። ታዲያ ሰው ማንጎ ሲያወርድ ከዛፍ ቢወድቅ እኛ እንዴት እናምጣው?

ዶክተር፦ ጥሩ ጠየቅህ። ብድግ አድርጋችሁ አታስቀምጡት፣ አትዘሉት። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ከአንገቱ ጋር ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ሦስት ሰው በጎን ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን በያዘው ሰው ትእዛዝ፣ እንደ ግንድ ባንዴ ያገላብጡት። ከስሩ ሰፊ ጣውላ ወይም በር አስገቡ። በልብስ ጥቅል አንገቱን ግራና ቀኝ ደግፉ። ጀልባው ላይም እንደዚሁ በጣውላው ይተኛ። እግሩን ያንቀሳቅስ እንደሆነ እዚያው ጠይቁትና ሰዓቱን መዝግቡ። ለእኛ ትልቅ መረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። አከርካሪዋ 28 ዲግሪ ጠምሟል አሉን። ከባድ ቦርሳ ስለምትይዝ ነው?

ዶክተር፦ ከቦርሳው አይደለም። ገና እያደገች ከሆነ ብሬስ፣ ማለትም አከርካሪውን ደግፎ የሚይዝ የሚለበስ ድጋፍ ይታሰብላታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው፣ ካላደረጉት 48 በመቶው ለቀዶ ጥገና ሳይደርሱ እንዳደጉ አሳይቷል። ብዙ ሰዓት የለበሱት ይበልጥ ተጠቅመዋል። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ብሬስ ግን አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ጥሬ ወተት ከወገብ ጋር ይገናኛል?

ዶክተር፦ አዎ። ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ ከከብት በጥሬ ወተት ይተላለፋል፣ ወገብ ላይም ያርፋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የወገብ ህመም ካለ ለሐኪሙ ጥሬ ወተት እጠጣለሁ በሉት። ወተቱንም አፍሉት።

ጥያቄ፦ ዶክተር የወገብ ህመም መፍትሔው ምንድን ነው?

ዶክተር፦ ከላይ ጽፌያለሁ። እባካችሁ ከላይ አንብባችሁ ጠይቁ። ዕድሜ፣ ጊዜ፣ እግር። ሽንት እምቢ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል።

እናት፣ ከሐሙሲት፦ ዶክተር፣ ሳንቲሙን ጣልኩለት። ልክ እንዳሉት ቁጢጥ ብሎ አነሳ። ሰኞ ይዤው ልምጣ?

ዶክተር፦ ሲራመድ እንዴት ነው? ይደናቀፋል?

እናት፣ ከሐሙሲት፦ ከትናንት ጀምሮ የግራ እግሩን ጣት መሬት ላይ ይጎትታል። ጫማው ስለሰፋው መስሎኝ ነበር።

ዶክተር፦ ሰኞን አትጠብቂ። መኪና ካገኘሽ አሁኑኑ፣ ካላገኘሽ ነገ ሲነጋ ተነሺ። አትዘዪው። መኪናው ውስጥ በጀርባው አስተኚው። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሺ "ጀርባው ላይ ጉብታ አለው፣ እግሩ ከዓርብ ጀምሮ እየዛለ ነው" በዪ፣ እነዚህን ቃላት ሳትቀንሺ። ማታ ሽንቱን ካልሸና ወይም እግሩ ከባሰ ግን መንጋቱንም አትጠብቂ። ስልክሽን በውስጥ ላኪልኝ፣ ተረኛውን አሁን እደውልለታለሁ። ሌሎቻችሁ ይቅርታ፣ የቀረውን ጥያቄ ሌላ ቀን እመልሳለሁ።