እስኪ እጃችሁን ሰብስቡ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ጋር መሥራት ለምትጀምሩት ነው። እኔ በፊዚዮቴራፒ ሥራ ላይ ሸብቻለሁ።

ጀማሪ ሳለሁ በአንድ የስድስት ዓመት ልጅ መዝገብ ላይ «ፍላጎት የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ደረጃ ውጣ ስለው ቁጭ ይላል። ኳስ ስሰጠው ይስቅልኝና ጥሎት ይሄዳል። በኋላ ሲመረመር ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ኖሯል። ለካ የምለውን በደንብ አይሰማኝም! ያቺ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ስለዚህ ልጁ እምቢ ሲል፣ ጠባዩን ከመውቀስ በፊት ሰውነቱን መርምሩ። ጆሮው ይሰማል? ዓይኑስ? ታይሮይዱ (አንገቱ ላይ ያለው እጢ) ታይቷል? ሌሊቱን ትንፋሹ እየተቆራረጠ ያደረ ልጅ ጠዋት ከየት አምጥቶ ይነቃቃል? ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ነው የሚወለዱት። ጡንቻቸው ላላ ያለ ነው፤ መገጣጠሚያቸውም እንደዚያው። ብዙዎቹ መራመድ የሚጀምሩት ሁለት ዓመት አካባቢ ነው፤ ከዚያም የሚዘገዩ አሉ። ለእናንተ ምንም ያልሆነች ደረጃ ለእነሱ ዳገት ናት። (ደግሞ አደራ፣ አንገታቸው ስስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳይጠየቅ መገለባበጥ የለም።)

እኔን ግን ብዙ ዓመት የሸወደኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ ልጆች የሰው ፊት ማንበብ ያውቁበታል። ሥራው ሲከብዳቸው ፈገግ ብለው፣ አቅፈው፣ ቀልድ ፈጥረው ያመልጧችኋል። እኛም እየሳቅን ጫማቸውን እናስርላቸዋለን። ሺህ ጊዜ የታሰረለት ልጅ የሚማረው እግሩን መዘርጋት ብቻ ነው። ከዚያ ዞረን «ተነሳሽነት የለውም» እንላለን።

እኔ የምወደው ዘዴ ከመጨረሻው መጀመር ነው። ዚፑን እስከ ደረቱ ሳቡለትና የቀረችውን ለሱ ተዉለት። እሱ ነው የጨረሰው፤ ደስታውም የሱ ነው። ሲለምድ ከሆዱ፣ ቀጥሎ ከሥር ይጀምራል። ሥራውን በቃል ከማብዛት በሥዕል ወይም ሠርታችሁ አሳዩት፤ ብዙዎቹ ካዩት ነው ቶሎ የሚይዙት። አንዴ ከተናገራችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ትእዛዙን ቶሎ ከደገማችሁት የጀመረውን ሐሳብ ታቋርጡበታላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ፣ አካል ጉዳት ላለባቸውም ልጆች፣ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። ስፖርት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ዳንሱም ሩጫውም ይቆጠራል። ሁሉም ሙዚቃ ይወዳሉ የሚባለውን ግን አትመኑ። የሚወደውን ራሱን ጠይቁት።

አንዲት እናት ልጇ ካልሲ ስታደርግ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ከትታ ትቀመጥ ነበር። «ካልያዝኩት ሳላውቀው ይሄዳል» አለችኝ። ልጅቷ አራት ደቂቃ ፈጀባት። ተረከዙ ወደ ላይ ሆነ፤ ማናችንም አላስተካከልነውም።