የተፋጠነው ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት ለምን ይወድቃል?

ጥያቄ፦ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ቅንብሮች የሚገኙበት ፕሮግራም) ውስጥ ገብቼ የዴስክቶፕ ኮምፒውተሬን ፕሮሰሰር ፍጥነት ወደ 5 ጊጋኸርዝ ከፍ አድርጌዋለሁ። ዊንዶውስ ያለ ችግር ይነሣል፤ ቪዲዮ ሳቀናብር ግን ከ20 ደቂቃ በኋላ ሰማያዊው የስህተት ገጽ ይመጣል። ቮልቴጁን ከ1.25 ወደ 1.35 ብጨምረው ጭራሽ ቶሎ መውደቅ ጀመረ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የዊንዶውስ መነሣት ፕሮሰሰሩ መርጋቱን አያረጋግጥም፤ ቪዲዮ ሲቀናበር ኮሮቹ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የሥራ ክፍሎች) ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ድክመቱ የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። ቮልቴጅ ሲጨመር የባሰበት መሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ችግሩ የቮልቴጅ ማነስ ሳይሆን ሙቀት ይመስለኛል። የኃይል ፍጆታ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ያቺ ትንሽ የምትመስል 0.1 ቮልት ብቻዋን ፍጆታውን 17 በመቶ ያህል ታሳድገዋለች፤ ቺፑ በጋለ ቁጥር ደግሞ በዚያው ፍጥነት መርጋት ይከብደዋል።

ስለዚህ ቮልቴጁን ወደ 1.25 ይመልሱና ፍጥነቱን በ100 ሜጋኸርዝ እየቀነሱ ይሞክሩ፤ በየሙከራው ጫናውን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት፣ የሙቀቱንም መጠን ይከታተሉ። ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ከተጠጋ ማቀዝቀዣው በደንብ መገጠሙን፣ በእሱና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም አለመድረቁን ይመርምሩ። ሙቀቱ ዝቅ ብሎ ሳለ ከወደቀ ግን ራሙን (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) ይጠርጥሩ፤ ኤክስኤምፒን (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፋጥነውን የባዮስ ቅንብር) አጥፍተው ራሙን በመደበኛ ፍጥነቱ ሲያሠሩት ችግሩ ከጠፋ፣ ፕሮሰሰሩን ያለ ጥፋቱ ሲወቅሱት ነበር ማለት ነው (ብዙዎቻችን በዚህ ተሳስተናል)። ሁለት ቅንብሮችን አንድ ላይ አይለውጡ፤ የትኛው እንደረዳ መለየት አይችሉም። 4.8 ላይ ከረጋ እዚያው ይተዉት፤ የቀረው 4 በመቶ ያህል ፍጥነት ለዚህ ሁሉ ሙቀት የሚገባ አይደለም።